አንደኛ የወጣው መንገድ

ያን ቀን ነፋሱ ከንጋት ጀምሮ አላረፈም ነበር። ጥር ነው፣ 2015፤ ሶማሌዎቹ ጅላል የሚሉት ደረቅ ወራት፣ ጅጅጋ ላይ ዝናብ የሚባል ነገር እንደነበረ ሰው የሚረሳበት ጊዜ። ሜዳው ላይ የሚጋርድ ነገር ስለሌለ ነፋሱ የሚያቆመው የለም። የቤቴን ቆርቆሮ ጥግ ይዞ እንደ አከራይ ያንኳኳል። አቧራው ፀሐይዋን የደረቀ የሎሚ ልጣጭ አስመስሏታል። ከጅጅጋ ወጥቶ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚታጠፈው መገንጠያ ላይ ሻይና ፓስታ የምሸጥባት ቤት አለችኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ሳይ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እያየሁት ጃንጥላው ተገለበጠ፤ ከዚያ ከእጁ ወጣ፤ ከዚያ ብቻውን ወደ ሐረር ጉዞ ጀመረ። ሰውየው ዞር ብሎም አላየው። ፎጣውን ጭንቅላቱ ላይ ጠመጠመና መንገዱን ማየቱን ቀጠለ። መንገዱ ላይ ደግሞ ምንም አልነበረም።

ክቡር ኢንጂነር ትግሉን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

ደረጃ የሚሰጥ ሰው የሌለበት ሰፈር በአገራችን የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰርግ ላይ ወጡን ቀምሶ «ያምናው ይሻል ነበር» የሚለው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የመጣውን ሰው ካለፈው ለቅሶ ጋር የሚያስተያየው እሱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ኩርባ በታለፈ ቁጥር ከንፈሩን የሚመጠውም እሱ ነው። ታማሚ ሊጠይቅ ሄዶ «የእንትና ሕመም ከዚህ ይከፋ ነበር» ብሎ ያጽናናል። እነዚህ ሁሉ ግን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ጀማሪዎች ናቸው። ክቡር ኢንጂነር ትግሉ ለዚሁ ብለው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ መንግሥትም ደመወዝ ይከፍላቸዋል።

ሥራቸው ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። እኔ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ አባቴ እዚህ የተመደበ ወታደር ነበር፣ እሱ ሲሞት ድስት መጣዱ የእኔ ተራ ሆነ። ኢንጂነሩ ግን የነገሩት ሰው ካልገባው አይለቁም።

«እትዬ እሌኒ፣ ቀላል ነው» አሉኝ አንድ ቀን ሻያቸውን እያማሰሉ። «መንገድ ሁለት ነገር ይጠየቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል መኪና ማሳለፍ ይችላል? ይህ አቅሙ ነው። የሚያልፈው ሰው ደግሞ እንዴት ያልፋል? እንደ ልቡ ይነዳል ወይስ የሌላውን ጭስ እየዋጠ ከኋላ ይከተላል? ይህ የአገልግሎቱ ጥራት ነው። ለጥራቱ ደረጃ እንሰጣለን፣ ከሀ እስከ ረ። ረ ላይ ማንም አይንቀሳቀስም።»

«ለዚህ ነው ነፋስ ላይ የሚውሉት?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔን ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር። መንገዱ መጥፎ ነው።»

«እሱ ስሜት ነው፣ እትዬ» አሉኝ ሳይቆጡ። «ስሜት አይደለም የምንፈልገው፤ ልኬት ነው።»

ይህችን አነጋገር ከዚያ በኋላ ጠዋትም ማታም ሰማኋት። ነፋሱ በረታ ስላቸው፣ «ስሜት አይደለም፤ ልኬት ነው» ብለው ጣታቸውን አርጥበው አየር ላይ ያቆማሉ። ፓስታው ጣፈጠዎት ወይ ስላቸው፣ ሰሃኑን እያዩ ያስባሉ። ሰው እንዲሁ «ይጥማል» ብሎ ቢያልፍ ምን ይጎዳዋል?

ቤቴንም አልማሯትም። ምሳ ሰዓት ላይ ሾፌሮች ሲግተለተሉ ጥግ ይዘው ተመለከቱና፣ «የሚገባውና የሚወጣው እጅ መታጠቢያው ጋ ይጋጫል። መ ነው። ሰው ሲበዛ ሠ» አሉኝ። እንግዳ ፊት ነው ያሉኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሻያቸውን ፊቴን አዙሬ ነው የሰጠኋቸው። ከዚያ የእጅ መታጠቢያውን ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ውኃው ወለሉን ስለሚያረጥብ ነው ብዬ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ገብተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ እንደ ቄስ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ሐ» አሉና ተቀመጡ። ሌላ ምንም አላሉም።

ዓርብ ከመስጊድ የሚወጣውን ሕዝብ ከሩቅ ቆመው ሲገምቱ ውለዋል። ጫት የሚገባበት ሰዓት ደግሞ ለእሳቸው ሌላው ሰው ኳስ እንደሚያይበት ሰዓት ነው። የጅጅጋ ባጃጅ ሁሉ፣ ታክሲው፣ እግረኛው፣ ሚስቱ የላከችውና ሳትልከው የመጣው ባል፣ አንድ አደባባይ ላይ ሲቆላለፍ ሥራ ፈትተው ሄደው ይመለከታሉ። አንድ ቀን ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። «ንጹሕ ረ» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ረ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያየሁት።»

ማሃሙድ ሲያገባም ተጠርተው ነበር። ማሃሙድ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ላይ በቋሚነት የሚመላለስ ብቸኛው ፒካፕ ሾፌር ነው፤ ስለዚህ ኢንጂነሩ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት እሱን ነው፤ ወዳጅ መሆናቸው አልቀረም። ሰርጉ ላይ ምግቡ ግድግዳ አስጠግቶ በተደረደረ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደረሰ። ክቡር ኢንጂነር ሰሃናቸውን እንደያዙ ብድግ አሉና ጠረጴዛው ወደ መሐል እንዲሳብ አዘዙ፤ ሰው ከሁለት ወገን እንዲያነሳ። የሙሽራዋ አክስቶች እንዴት እንዳዩዋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ሳቡት። ሰልፉ ወዲያው አለቀ። ምግቡም ወዲያው አለቀ። ዘግይተው የመጡት የማሃሙድ አጎቶች ባዶ ትሪ ላይ ደረሱ።

«ኢንጂነር፣ ምን አደረግኸኝ?» አለ ማሃሙድ።

«የማሳለፍ አቅሙ ጨምሯል» አሉ ኢንጂነሩ። «አቅርቦቱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

ከግመል ጋር ግን ተቸገሩ። መመሪያቸው ውስጥ መንገድ ላይ የሚሄድ ሁሉ በአውቶሞቢል ተመንዝሮ ተቀምጧል። የጭነት መኪናው ይህን ያህል አውቶሞቢል፣ ባጃጁ ከአውቶሞቢል ያነሰ፤ ለብስክሌትና ለጋሪ እንኳ የየራሳቸው አለ። ግመል የለም። አንድ ጠዋት የአዴር ዒጋል ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ ኢንጂነሩ ከበርጩማቸው ተነስተው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ።

አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ዒጋልን አካባቢው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። በዚህ አገር ደግሞ የሰው ከብት ጮክ ብሎ የሚቆጥር የለም። ባለቤቱ ራሱ አይቆጥርም፤ የጎደለች እንዳለች አይቶ ያውቃል። ሌላ ሰው ከቆጠረ ዓይን ይገባል፣ ከብቱ ያልቃል ይባላል።

«አንተ ሰውዬ» አሉ አዴር ዒጋል፣ «የአባትህ ውርስ ናቸው?»

«ለመንገዱ ነው፣ አባቴ። ለጥናት።»

«ጥናትህን በመኪና አጥና።»

ሮጬ መሐል ገባሁና ነገሩን አስረዳኋቸው። ኢንጂነሩ ከልባቸው ደንግጠው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ግመሎቹን አልቆጥርም። መንገዱ ለምን ያህል ጊዜ እንደተዘጋ ብቻ በሰዓቴ እይዛለሁ። ከዚያ ወደ አውቶሞቢል እመልሰዋለሁ» አሉ።

አዴር ዒጋል መሄዳቸውን ትተው ቆሙ። «ግመሌን ወደ መኪና ትመልሳታለህ?»

«በሒሳብ ነው።»

«አንዷ ስንት መኪና ትሆናለች?»

«እንደ አካሄዷ ነው። ሁለት ገደማ።»

«ምን ዓይነት መኪና? ላንድ ክሩዘር?»

«ትንሽ አውቶሞቢል።»

«ቪትዝ?»

«ቪትዝ እንበል።»

ሽማግሌው ግመሎቻቸውን አዩ። ሁሉም ተሻግረው እስኪያልቁ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ሰው ሚስት አለው?»

«የላቸውም፣ አዴር።»

«ገባኝ» አሉና ሄዱ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ለመሳቂያ ይሆናል። ሀምዲ ግን አልሳቀችም። ሀምዲ ቱሊ ጉሌድ ሳይደረስ ካለው መንደር የግመል ወተት ሰብስባ፣ ቢጫ ጀሪካኖቿን ማሃሙድ ፒካፕ ላይ ደርድራ፣ ጅጅጋ ገበያ የምታደርስ ሴት ናት። ምላሷ ስለት ነው፣ እጇ ደግሞ ሥራ አይፈታም። መንገዱ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄድ ይቆይና መሐል ላይ ቶጉ ውስጥ ይወርዳል፤ ቶግ በዝናብ ጊዜ ብቻ ውኃ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ነው። ፒካፑ እዚያ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ፀሐይዋ ትከርራለች። ወተቱ በጊዜ ከደረሰ ጣፋጭ ነው። ካረፈደ፣ ተንገጫግጮ ተንገጫግጮ ኮምጥጦ ይገባል፤ የጅጅጋዋ ደንበኛ ክዳኑን ከፍታ ታሸትና «መልሺው» ትላለች። ከሀምዲ ጋር ይነግዱ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ትተውታል። እሷ ልጆቿን የምታበላው በዚያ ወተት ስለሆነ ነው ያልተወችው።

«ኤዶ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «ዘንድሮ መንገዱ ካልተሠራ እኔም አቆማለሁ። ምን እንደምሠራ ግን አላውቅም።»

በዚያ ዓመት የሚጠገኑት መንገዶች የሚመረጡት ኢንጂነሩ ይዘው በሚሄዱት ጥናት ነው የሚል ወሬ ነበር። ጠየቅኋቸው፤ ወሬው እውነት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀምዲ በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ወተት ይዛላቸው መምጣት ጀመረች። አልተቀበሏትም።

«ስጦታ ከተቀበልኩ ልኬቱ ይበላሻል።»

«ወተት ነው የሰጠሁህ፣ ልኬት አይደለም» አለቻቸው። ሀምዲ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የተማረችው፤ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ብታውቅም ለእሳቸው አታወጣውም። ወተቱን እኔ ጠጣሁት። ጠዋት ላይ ሲደርስ በእርግጥ ጣፋጭ ነበር።

ቆጠራው ያለቀ ዕለት ሀምዲ ከፒካፑ ወርዳ ደጄ ላይ ቆመች። «እሺ ኢንጂነር፣ መንገዳችን ስንተኛ ወጣ?»

«የመጀመሪያ ስሌት ነው፣ ገና...»

«ንገረኝ።»

«ሀ።»

«ሀ ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ። ከሁሉም በላይ።»

እልልታዋ መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። ኢንጂነሩ ጣታቸውን አንስተው የሚጨምሩት ነገር ነበራቸው፤ እሷ ግን ፒካፑ ላይ ወጥታ ሄዳለች። እኔም ያንን መንገድ እያወቅሁት፣ ከሰባተኛ ክፍል በላይ የሚገባ አንድ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ቀን አዴር ዒጋል ፍየል አረዱ። ከቤቴ ጎን ካለችው ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሩዝ ተቀቀለ፣ ወተት መነገድ የተዉት ሴቶች ሳይቀሩ ከመንደራቸው መጡ። ክቡር ኢንጂነር የስንብት ግብዣ መስሏቸው ሸሚዛቸውን ለውጠው ብቅ አሉ። ምርጡ ሥጋ ፊታቸው ቀረበ።

አዴር ዒጋል ተነስተው ተናገሩ። «መንገድ ብዙ ነው» አሉ። «የጎዴ መንገድ አለ፣ የደገሀቡር መንገድ አለ። ይህ ሰው ነፋስ ላይ ተቀምጦ የእኛን ከሁሉ አንደኛ አደረገው። ግመሌን በቪትዝ ቢቀይርብኝም ይቅር ብዬዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሀምዲ ሩዝ እየጨመረችላቸው፣ «ማሽኑ መቼ ነው የሚመጣው?» አለቻቸው።

ኢንጂነሩ ጎርሰው ነበር። የጎረሱትን እንደ ምንም ዋጡና የያዙትን ሥጋ ሰሃኑ ላይ መለሱ።

«ሀምዲ» አሉ፣ «ሀ ያገኘ መንገድ አይጠገንም።»

ማሃሙድ በሶማልኛ ተረጎመው። ሰው ሁሉ መብላቱን ተወ። «ሀ ማለት» አሉ ኢንጂነሩ፣ «የሚሄደውን ሰው ሌላ መኪና አያግደውም ማለት ነው። እዚህ መንገድ ላይ የሚያግድ መኪና የለም።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩን የሚለካው ሌላ ቡድን ነው።»

«የት አለ ቡድኑ?»

«በጀት አላገኘም።»

«እና እኛ አንደኛ የወጣነው» አለች ሀምዲ ቀስ ብላ፣ «ማንም ስለማይሄድብን ነው።»

«ማንም የማይሄድበት መንገዱ ስለከፋ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ወርዷል። «ቀመሩ ግን እሱን አይጠይቅም።»

ነፋሱ ሩዙ ላይ አቧራ ይበትን ጀመር። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሀምዲ ጭልፋውን አስቀመጠችና፣ «ነገ ንጋት ላይ መንደራችን ና» አለቻቸው። «አንደኛ በወጣው መንገድ ላይ ከጀሪካኖቹ ጋር አስቀምጬህ አመጣሃለሁ።»

«እመጣለሁ።»

አዴር ዒጋል ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ብሉ» አሉ። «ፍየሏ ምን አጠፋች?»

እስከዚያ ቀን ኢንጂነሩ በዚያ መንገድ ያለፉት በመሥሪያ ቤቱ ላንድ ክሩዘር፣ ከፊት ወንበር፣ መስታወት ዘግተው ነበር። በማግስቱ ረፈድ ሲል ፒካፑ መጣ። ከኋላ፣ ከጀሪካኖቹ መሐል፣ አንድ ነጭ ነገር ተቀምጧል። ቶጉ ውስጥ ሲወርዱ የአንዱ ጀሪካን ክዳን ተፈናጥሮ ክቡር ኢንጂነር ከአንገታቸው እስከ ጫማቸው ወተት ሆነዋል፤ በወተቱ ላይ አቧራው ተጋግሮበታል። ማሃሙድ መሪውን ለቆ እየሳቀ ወረደ። ሀምዲ አልሳቀችም፤ የፈሰሰው የእሷ ወተት ነው።

ወንበር ሰጠኋቸው፤ ፎጣ ሰጠኋቸው። «እንዴት ነው ታዲያ ደረጃው?» አልኳቸው። ክፉ ሆኜ ነው።

በፎጣው ፊታቸውን ጠረጉ። «እትዬ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ስሜት ነው መሰለኝ።»

ደረጃውን ግን አልቀየሩትም። ሀምዲ ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ ሰደበቻቸው። «አንዲት ፊደል ብትለውጥ ምን ትሆናለህ?»

«ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ይለካዋል፣ ሀ ያገኛል። ያኔ እኔም ውሸታም፣ እናንተም ውሸታም። መንገዱንም ዳግመኛ የሚያይላችሁ የለም።»

ቢሯቸው ሄደው የዓመት ፈቃዳቸውን ጠየቁ። ሌላው ሰው በዓመት ፈቃዱ አገሩ ይገባል፤ እሳቸው አስፋልቱ ዳር ወጥተው ቆሙ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያስቆሙ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ አገር ሰደርያ ለብሶ መኪና የሚያስቆም ሰው ፊናንስ ነው፤ ዕቃ ፈታሽ። አንዱ ሾፌር ገና ሳይጠየቅ ስኳሩ የእሱ እንዳልሆነ ማለ። ሌላው አንድ እስር ጫት ጭናቸው ላይ ጥሎ ፈረጠጠ። ሌላው ከሩቅ አይቷቸው ሜዳ ለሜዳ ዞሮ ሄደ፤ ኢንጂነሩም በአቧራው እየተከታተሉ ወዴት እንደታጠፈ አዩ። መጨረሻ ላይ ማሃሙድ አዘነላቸውና አጠገባቸው ቆሞ፣ «ፊናንስ አይደለም፣ ጠያቂ ብቻ ነው፣ ምንም አይወስድም» እያለ በሶማልኛ ይጮህላቸው ጀመር።

ያኔ ነው ሰው መልስ መስጠት የጀመረው። ወደ ቱሊ ጉሌድ ወገን የሚሄደው አብዛኛው በሩቁ ዞሮ ነው የሚሄደው። ለምን ሲባል፣ ቶጉ ጎማ ይበላል፣ ባሌስትራ ይሰብራል፣ አጭሩ መንገድ ደህና ቢሆን ማን ይዞራል ይላል። ኢንጂነሩ ይህን ሁሉ ይዘው ማታ ማታ ቤቴ ጥግ ተቀምጠው ያሰላሉ። ሻይ እንኳ ሳስቀምጥላቸው አያዩም። መንገዱ ባዶ የሆነው የሚፈልገው ጠፍቶ እንዳልሆነ፣ ቢሠራ በላዩ የሚሄደው ምን ያህል እንደሚሆን ይህ ያሳያል አሉኝ። «አሁን ስሜት አይደለም» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከንፈራቸው በነፋሱ ተሰነጣጥቋል።

ያሰሉትን ጽፈው ቢሯቸው ወሰዱት። የተጠየቀው የመኪና ቆጠራ ነው፣ ሌላው ምንድን ነው ተባሉ። ደግመው ወሰዱት። ሦስተኛ ጊዜ ኮሪደር ላይ ሲውሉ የዝውውር ደብዳቤ ተሰጣቸው። ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል ወደ አፍደም፤ በባቡሩ ሐዲድ ዳር ያለች ሩቅ ከተማ ናት።

ይህን የነገረኝ ማሃሙድ ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም። እኔ ብዙ ነገር ሲሄድ አይቻለሁ። የሚመጣ ሰው ይመጣል፣ የሚሄድ ይሄዳል፣ የመሥሪያ ቤት በር የሚዘጋው ከውስጥ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ለራሴ መብራት ለማስገባት እንኳ ሄጄ ተሟግቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሽሮዬን እሳት ላይ ትቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከሀምዲ ጋር ባጃጅ ተሳፈርኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው አቆመን። «ኢንጂነር ትግሉ ምናችሁ ነው?»

ምኔ ናቸው? ደንበኛዬ ናቸው ልል ነበር፤ አፌ ውስጥ ትንሽ ሆነብኝ።

«የእኛ ነው» አለች ሀምዲ። «መልሱልን።»

«በሕግ የተዛወረ ሰው አይመለስም፣ እናቴ።»

«ነፋስ ላይ ስታስቀምጡት ሻይ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቀረብኩ። «ቢያንስ የጻፈውን አንብቡለት።»

ምሳ ሰዓት እስኪሆን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ማንም አልወጣም። ስመለስ ሽሮው አርሮ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሄዱ። አነባበሮ ጋግሬ በፌስታል ሰጠኋቸው። ሀምዲ ወተት አመጣች፤ ያን ቀን ተቀበሏት፣ እዚያው ቆመው ጨልጠው ጠጡት። አዴር ዒጋል እጃቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም፤ አፍደም ያለ ዘመዳቸውን ስም ነገሯቸው፣ ግመል እንዳይቆጥሩም አስጠነቀቁ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ኢንጂነሩ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው መንገዱን ያያሉ፤ እኛን አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ግሬደር መጣ። ድንጋዩን ገፋ፣ ጠጠር አለበሰ፣ ቶጉ ላይ ሲሚንቶ ፈስሶ መሻገሪያ ተሠራ። ስለ ምክንያቱ ሦስት ወሬ አለ። አንዱ፣ የአንድ ትልቅ ሰው መኪና ቶጉ ውስጥ ስለተቀረቀረ ነው ይላል። ሌላው፣ በጀት ተርፎ ነው ይላል። ሦስተኛውን ወሬ የማወራው እኔ ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ሾፌር፣ ፓስታውን ከማቅረቤ በፊት።

አሁን መንገዱ ላይ መኪና ሞልቷል። ሲኖትራኩ፣ አባዱላው፣ ባጃጁ ሁሉ እዚያው ነው። ወተት መነገድ የተዉት ሴቶች ተመልሰዋል፤ ማሃሙድ ሁለተኛ ፒካፕ የሚነዳ የአክስቱን ልጅ አምጥቷል። ሀምዲ በቅርቡ እኔ ቤት ተቀምጣ፣ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ አፍደም ደወለች።

«ኢንጂነር፣ መንገድህ ተበላሸ» አለቻቸው። «ጠዋት ጠዋት ሲኖትራክ ከፊቴ እየሄደ አቧራ ያጎርሰኛል።»

«ማለፍ ያቅታችኋል?»

«ቶጉ እስኪደርስ ከኋላው ነን።»

«ሁልጊዜ ነው አልፎ አልፎ?»

«ሁልጊዜ። በዝቷል እኮ ነው የምልህ።»

«እንግዲህ» አሉ፣ «ከሀ ወርዷል። ሐ ሳይሆን አይቀርም።» ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማን። መጀመሪያ ስልኩ የተቆራረጠ መስሎን ነበር፤ ክቡር ኢንጂነር እየሳቁ ነው። እዚህ በነበሩበት ጊዜ ሁሉ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ወተቱስ?» አሉ ሲጨርሱ።

«ወተቱ ጣፋጭ ነው» አለች ሀምዲ።

ኢንጂነር ትግሉ አሁን አፍደም ናቸው። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ተቀምጠው መኪና ይቆጥራሉ።